መጽሐፍ ይዋሱታል እንጂ አይበደሩትም

«የዲጂታል መጽሐፍ ብድር» የሚል ሐረግ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ጀምሯል። ቤተ መጻሕፍት በስልክና በኮምፒውተር በኩል ለአንባቢ መጽሐፍ የሚሰጡበትን አሠራር ለመሰየም ታስቦ ነው። ሐረጉን የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን አስቀድሞ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. «ቴሌብር መላ»ን ከጀመረ ወዲህ ዲጂታል ብድር ማለት በስልክ ተጠይቆ በስልክ የሚገባ ብር ሆኗል።

ችግሩ ግን መመሳሰል ብቻ አይደለም። አማርኛ ሁለት ግሶች አሉት፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ወንፊት ይዋሳል፣ ጤፍ ግን ይበደራል። ወንፊቱ ራሱ፣ ያው ጠርዙ የተላጠው ወንፊት፣ ተመልሶ ይመጣል። ጤፉ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተበልቷል፤ የሚመለሰው በዚያው ልክ የተሰፈረ ሌላ ጤፍ ነው። «ብድር መመለስ» የሚለው አነጋገርም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ውለታም ይሁን በቀል፣ የሚመለሰው አቻው እንጂ ራሱ ነገሩ አይደለም። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ግስ ስለሚጠቀልል፣ እሱን ተከትሎ የሚተረጉም ሰው ከባንክ ቤቱ ቃል ጋር ይላተማል። ተዋሰ፣ አዋሰ፣ ውሰት፣ ትውስት እያለ የሚረባ ግስ በእጅ ላይ እያለ ይህ መሆኑ ያስቆጫል።

የሚቃወም አይጠፋም። ፋይል ምኑ ይመለሳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አሠራሩ ውስጥ አለ። በአሜሪካ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ሊቢ የተባለው መተግበሪያ ላይ፣ በተለመደው የፈቃድ ዓይነት፣ አንድ ቅጂ አንድ አንባቢ እጅ ከገባ ለሌላው ዝግ ነው፤ የፈለገ ወረፋ ይይዛል። የተሰጠው ቀን ሲያልቅ መጽሐፉ ራሱ ከስልኩ ላይ ይዘጋና ለተረኛው ይከፈታል። ያዋሰ ሰው ዕቃው እስኪመለስ እጁ ባዶ ነው፤ የውሰት ዋና ምልክቱም ይኸው ነው።

ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የአሜሪካ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የገጠመው ክስ ይህንኑ መስመር ያሳያል። ድርጅቱ የታተመ መጽሐፍ ስካን እያደረገ፣ በያዘው ቅጂ ቁጥር ልክ ያውስ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ በወረርሽኙ ሰሞን፣ ወረፋውን አነሳ። አራት አሳታሚዎች በዚያው ዓመት ከሰሱት፤ በ2023 ተፈረደበት፣ በ2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቶቹ በቁጥር የተገደበውንም አሠራር አልተቀበሉትም። በሕጉ መከራከር ይቻላል። በቋንቋው ግን ነገሩ ግልጽ ነው፦ ወረፋው ሲነሳ ውሰትነቱ ቀርቶ ማባዛት ሆኗል።

ሌላው ተፎካካሪ «ኪራይ» ነው፤ ይኼኛው ጠንከር ያለ ነው። መጽሐፍ ማከራየት አዲስ አበባ ውስጥ የታወቀ ንግድ ነበር፤ መያዣ ተትቶ፣ በቀን ሒሳብ ልብ ወለድ ይወሰድ ነበር። ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ተከራይ ነው ማለት ይቻላል። አሳታሚው ሃርፐርኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ 26 ጊዜ ብቻ እንዲወጣ፣ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ እንደ አዲስ እንዲከፍል ደንብ አወጣ። ስለዚህ በአሳታሚና በቤተ መጻሕፍት መካከል ያለውን ጉዳይ ኪራይ ማለት እውነት ነው፤ ደብቆ ማለፉም አይጠቅምም። አንባቢው ግን አይከፍልም። ለእሱ የሚደርሰው ውሰት ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ መናገር ከቻለ ለምን ይደባልቃቸው?

«ዲጂታል» ይቆይ። «አሃዛዊ» የሚሉ አሉ፤ ይሁንና ዲጂታል ገበያውም ትምህርት ቤቱም የለመደው ቃል ነው። «ዲጂታል ውሰት» ቢባል የሚደናገር የለም። ጥንቃቄ የሚሻው ባለቤቱን መጥራት ነው፤ «አዋሽ» ከተባለ ወንዙና ባንኩ ይቀድማሉ። «የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት» ማለት ይሻላል። ዋሽንግተን ዲሲን የመሰለ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ሰነዶቹን ወደ አማርኛ ሲያስተረጉም፣ ቃሉ ቅጽ ላይ ይታተማል፤ አንዴ ከታተመ ደግሞ ለማረም ከባድ ነው። አንባቢው መተግበሪያው ላይ ለሚጫናቸው ቁልፎች «ይዋሱ»፣ «ይመልሱ»፣ «ወረፋ ይያዙ» ይበቃሉ።