ዜና ዐሥር ዓመት፤ ዮስጢኖስና ካሌብ በነገሡበት ዘመን የሆነው

ዓለም በተፈጠረ በ6010 ዓመት፣ ጌታችን በተወለደ በ510 ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በሐምሌ ወር የሮም ንጉሥ አንስጣስዮስ በቍስጥንጥንያ ሞተ። በፋንታውም ዮስጢኖስ ነገሠ። ይህ ዮስጢኖስ የድኃ ገበሬ ልጅ ነበር፤ ስንቁን በትከሻው አንግቶ ከሀገሩ ወጣ፣ ወታደር ሆነ፣ ከወታደርነትም የቤተ መንግሥት ዘበኞች አለቃ ሆነ። ፊደል ስላልቆጠረ፣ በተፈለፈለ ሰሌዳ ውስጥ ብዕሩን እየነዱለት ይፈርም ነበር ብለው ያወሩበታል። የእኅቱ ልጅ ዮስጢንያኖስ ግን የተማረ ነበረና የመንግሥቱን ነገር ከኋላ ሆኖ ይመክር ነበር። በዚያም ዘመን በአክሱም የታዜና ልጅ ካሌብ ነገሠ፤ የመንግሥት ስሙም እለ አጽብሓ ተባለ።

ይህን ዜና የምጽፍ እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በወልቂጤ ከተማ ተቀምጬ ነው። የቀደሙት ጸሐፌ ትእዛዞች ከንጉሡ ማዕድ እየበሉ ይጽፉ ነበርና ብዙ ነገር በዝምታ አለፉ። እኔ ግን የምበላው ክትፎና ቆጮ ከንጉሥ ቤት የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ የማንንም ፊት ሳላይ እናገራለሁ።

በዮስጢኖስ መንግሥት መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጣ። ካሌብ ከባሕር ማዶ በየመን ወዳለችው ወደ ሒምየር ሊዘምት በሚሰናዳበት ወራት ነበር። የአዱሊስ ገዥ አስባስ በከተማው በር ካለው የእብነ በረድ ዙፋን የግሪኩን ጽሑፍ እንዲገለብጥ አዘዘው፤ ንጉሡ ፈልጎት ነበርና። ኮስማስም ገልብጦ ሰጠ፤ አንዱንም ለራሱ አስቀረ። የዙፋኑ ድንጋይ ጠፍቷል፤ ጽሑፉ የቀረልን በነጋዴው ደብተር ነው። ዳግመኛም በንጉሡ ቤተ መንግሥት ከግልገልነታቸው ጀምሮ የለመዱ ቀጭኔዎችን ማየቱን ጻፈ።

ከጻፈው ሁሉ ግን የሚበልጥብኝ የወርቁ ገበያ ነገር ነው። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ሰሱ ወደሚባል ምድር ይልክ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች ይሄዱ ነበር። የሚነዱት በሬ፣ የሚጭኑት ጨውና ብረት ነበር። ከስፍራው ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ታላቅ አጥር ያጥራሉ፣ በውስጡም ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾኹ ላይ ያኖራሉ። የሀገሩ ሰዎች መጥተው ታንካራስ የሚባለውን የወርቅ ፍሬ፣ አንድም ሁለትም፣ ከወደዱት ዕቃ አጠገብ አስቀምጠው ይርቃሉ። የበሬው ባለቤት ቀርቦ ያያል። ከወደደ ወርቁን ያነሣል፤ ያም መጥቶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልወደደ ወርቁን ሳይነካ ይመለሳል፤ ያም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋቸው ስለማይገናኝና አስተርጓሚም ስላልነበረ አንድ ቃል አይነጋገሩም። ገበያው አምስት ቀን ያህል ይቆማል። መሄጃና መመለሻው ስድስት ወር ነበር፤ ሲመለሱም ወንዝ ሳይሞላባቸው ይቸኩሉ ነበር፤ ወርቁንም ወንበዴ እንዳይነጥቃቸው የጦር መሣሪያ ይዘው ይሄዱ ነበር።

የዋቤንና የግቤን የክረምት ሙላት ያየ ሰው ይህን ለማመን መሐላ አይሻም። የሀገሬም ሕዝብ በንግድ የሚታወቅ ነውና፣ ከዚህ ወጥቶ መርካቶ ላይ ሱቅ የከፈተ ሁሉ ያለ ቃል መከራከር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዕቃውን ነክቶ ዘወር የሚል ገዢ ከሚጮኸው ይልቅ ዋጋ ያስቀንሳል። ሰሱን ሊቃውንት ወደ ዓባይ ወገን፣ ወደ ፋዞግሊ ያስጠጉታል እንጂ የእኛ ምድር ነው አልልም። ነገር ግን የካሌብ የወርቅ ገንዘብ በሕንድ ባሕር ማዶ ሲወጣና ሲወርድ፣ ያን ወርቅ በእሾህ አጥር ላይ ያኖረው ሰው ስም በአንድ ድንጋይ እንኳ አልተቀረጸም። ወደ ቀደመው ነገራችን እንመለስ።

በ515 ዓ.ም. በሒምየር የአይሁድን ሃይማኖት የያዘ ዩሱፍ አስአር የሚባል ንጉሥ ተነሣ፤ ዓረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፤ የእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ ይሉታል። የአክሱም ጭፍሮች በዛፋር ከተማ ሰፍረው ነበር፤ በሒምየር ዙፋንም ላይ አክሱም የወደደው ሰው ተቀምጦ ነበር። ይህን ነገር የወገናችን ጸሐፊዎች ዘለሉት፤ እኔ ግን አልዘለውም። ዩሱፍም በዛፋር የነበሩትን ገደለ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ፤ የጦር አለቃውም ከ12 ሺህ በላይ ሰው መግደሉን በናግራን አቅራቢያ በገደል ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። የአክሱም መርከቦች እንዳይሻገሩም በመንደብ ወሽመጥ ሰንሰለት ዘረጋ።

ከዚህም በኋላ የክርስቲያኖቹን ከተማ ናግራንን ከበበ፤ በቃል ኪዳን ከገባ በኋላ ቃሉን አፈረሰ። በዘመነ ዮሐንስ በ516 ዓ.ም. በኅዳር ወር የከተማይቱን ሽማግሌ ሒሩትንና ብዙ ሰዎችን ገደለ፤ እሳትም አነደደባቸው። በሀገራችን ኅዳር 26 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው። በወልቂጤ ይህን ዜና ለካህን ብትነግረው ሒሩትን ያስታውስሃል፤ ለሼኽ ብትነግረው በሱረቱል ቡሩጅ የተነገሩትን የጕድጓዱን ሰዎች ያነሣልሃል። አንዱን እሳት ሁለቱም በየመጽሐፋቸው ያውቁታል።

ወሬውም በምድር ሁሉ ተሰማ። የቤተ አርሻሙ ኤጲስ ቆጶስ ስምዖን በሒራ ንጉሥ በአል ሙንዚር ሰፈር ሳለ ሰማ፤ ደብዳቤም ጽፎ ላከ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስም ለካሌብ ላከበት። ካሌብ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ሄዶ ቡራኬ ተቀበለ፤ ይህ ባሕታዊ በጠባብ ጾማዕቱ ውስጥ ሳይቀመጥ 45 ዓመት የቆመ ነው ይባላል።

በ517 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በኋላ፣ መርከቦች በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ተሰበሰቡ። ከአይላ 15፣ ከቁልዝም 20፣ ከኢዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከሕንድ 9 መጡ፤ ካሌብም 10 አሠራ፤ ድምሩ 70 ሆነ። የባሕራችን መርከቦች በገመድ የተሰፉ እንጂ በብረት ምስማር የተመቱ አልነበሩም። ይህ ጉባኤ የአክሱም ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴ መርከብ ሁሉ ለጦር ተያዘ ማለት ነው። በዚያ ወራት በወደቡ ዕቃው ሳይወርድ የቀረበትን ነጋዴ ግን ማንም አላነሣውም።

ካሌብም ተሻገረ፤ ዩሱፍም ተሸነፈ። ዓረቦች ፈረሱን ወደ ባሕር ነድቶ ሰጠመ ይላሉ፤ የግሪክ ጽሑፍ ግን በጦርነቱ ተገደለ ይላል። ካሌብ አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሰ፣ ሱምያፋ አሽዋ የሚባለውን የሀገሩን ሰው በሒምየር አነገሠ፣ ጭፍራም ትቶ ተመለሰ። ከዚያ ጭፍራ መካከል አብርሃ የሚባል ነበረ፤ በሱረቱል ፊል የዝሆኑ ሰዎች የተባሉትን ኋላ መራ የሚባለው እርሱ ነው። የአብርሃ ነገር ግን የሌላ ዐሥር ዓመት ዜና ነው።

በዚያው በ517 ዓ.ም. በሚያዝያ የሮሃ ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን አጠፋ፤ ይህች ሮሃ የላስታዋ አይደለችም፣ በሶርያ ወገን ያለችው ናት። በዚያም ሰሞን ዲዮናስዮስ የሚባል መነኵሴ በሮም ከተማ ሆኖ የፋሲካን ቀመር ሲያዘጋጅ፣ ከከሓዲው ከዲዮቅልጥያኖስ መቁጠር ትቶ ከጌታ ልደት መቁጠር ጀመረ። ፈረንጆች ዛሬ ከእኛ በሰባትና በስምንት ዓመት የሚቀድሙን በእርሱ ስሌት ነው። እኛ የእስክንድርያን ቍጥር ይዘን ቀረን፤ የዲዮቅልጥያኖስንም ዓመት አልጣልነውም፤ ዓመተ ሰማዕታት ብለን በባሕረ ሐሳብ እንቆጥረዋለን።

በ518 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዕርገት በዓል ሰሞን አንጾኪያ በምድር መናወጥ ፈረሰች። በበዓሉ ምክንያት ከተማይቱ በእንግዳ ተሞልታ ነበርና ሙታኑ 250 ሺህ ናቸው ተባለ። በ519 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ ማግስት የኢጣልያ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ሞተ፤ ቦኤትዩስ የሚባለውን ጠቢብ ከሁለት ዓመት በፊት ያስገደለ ነው። በዚህ ዓመት በቻይና የሊያንግ ንጉሥ ዉ ከዙፋኑ ወርዶ ራሱን ለቡድሃ ገዳም ሰጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ እንዲህ ባደረገ ጊዜም መኳንንቱ ብዙ ገንዘብ ከፍለው መለሱት።

ካሌብም ኋላ እንዲሁ መነነ ይባላል። ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ፣ እርሱም ወደ ገዳም ገባ ይሉናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 20 ቀን ታስበዋለች። እርሱን ግን በገንዘብ የሚመልሰው አልተገኘም።

የካሌብ ሀገር ነገር ወደ እኛም ይደርሳል፤ የእኛ የጉራጌ ሽማግሌዎች አባቶቻችን በዓምደ ጽዮን ዘመን ከአዝማች ስብሐት ጋር ከጉራ መጡ ይላሉ። ጉራም በአካለ ጉዛይ ናት፤ ከአዱሊስ ወደ አክሱም በስምንት ቀን የሚያደርሰው የነጋዴ መንገድ ያን ሀገር ያቋርጥ ነበር። በእኛው ሀገር በሶዶ ምድር ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች ግን ሰይፍ ተቀርጾባቸው የቆሙት ከካሌብ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በነሐሴ ወር 519 ዓ.ም. ዮስጢኖስ ሞተ፤ በዚያው ዓመት አስቀድሞ ዘውድ የጫነለት ዮስጢንያኖስም ብቻውን ነገሠ። በመስከረም 520 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ገባ። በአክሱምም ክረምቱ ወጣ፣ ወንዞቹም ጐደሉ፤ ወደ ሰሱ የሚሄዱት በሬዎቻቸውን የሚነዱበት ወራት ደረሰ።