ካርዱ የማን ነው?

በአገራችን ሆስፒታሎች ታካሚ ካርድ ያወጣል እንጂ ካርዱን ይዞ አይሄድም። ከዓመታት በፊት በተለማማጅ ሐኪምነት ሳገለግል፣ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ የተዘጋጁ አንድ አዛውንት የካርዳቸውን ቅጂ ጠየቁኝ። እኔም የተማርኩትን ያህል «ካርዱ የሆስፒታሉ ንብረት ነው» ብዬ መለስኩላቸው። «ወረቀቱስ የእናንተ ይሁን፤ በሽታውም የእናንተ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። ሙያችን ከሒፖክራቲስ መሐላ ጀምሮ የሕሙማንን ምስጢር ስለመጠበቅ አበክሮ ተናግሯል። የተጻፈው ነገር ለባለምስጢሩ ለራሱ ይገለጥ ወይስ አይገለጥ የሚለው ግን ብዙም አልተነሣም ነበር። አንዱ ምክንያት መዝገቡ የሐኪሙ የግል ማስታወሻ ሆኖ መቆየቱ ይመስለኛል። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ እንኳ እያንዳንዱ ሐኪም የሕሙማኑን ታሪክ በየራሱ መዝገብ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ፕለመር ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር ተሰጥቶት የሐኪሞቹ ሁሉ ጽሑፍ በዚያው እንዲከማች አደረገ። መዝገቡ በታካሚው ስም መጠራት ሲጀምር የባለቤትነቱም ነገር መነሣቱ አይቀሬ ሆነ።

በ1973 ሼንኪንና ዋርነር የተባሉ ጸሐፊዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ፦ ታካሚ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ፣ ባይጠይቅም እንኳ፣ በሕግ ይሰጠው አሉ። ከሐኪሞች በኩል የሚቀርበው መቃወሚያ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አይገባውም፣ ይደነግጣል፣ ይከሰናል የሚል ነው።

ነገሩ በግልጽ የተፈተነው በፍርድ ቤት ነው። በካናዳዋ ኒው ብሩንስዊክ አንዲት ታካሚ ሙሉ ማኅደሯን ስትጠይቅ፣ ሐኪሟ የራሷን ማስታወሻ ሰጥታ ከሌሎች ሐኪሞች የመጣውን «የእነርሱ ንብረት ነው» በማለት ከለከለቻት። በ1992 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኛ ላ ፎሬ አማካይነት የሰጠው ውሳኔ ወረቀቱንና መረጃውን ለየ። ወረቀቱ የሐኪሙ ነው፤ ታካሚዋ ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ የማየትና የመቅዳት መብት አላት። መስጠቱ ጉዳት ያስከትላል የሚል ሐኪም ካለም ማስረዳቱ የእርሱ ሸክም ነው። አዛውንቱ ያሉኝም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

አውስትራሊያ ግን በ1996 በተቃራኒው ወሰነች። የጡት ተከላ የተደረገላት ሴት በአምራቾቹ ላይ በአሜሪካ ለቀረበው ክስ መዝገቧን ፈለገች። ሐኪሟ ቅጂውን የሚሰጣት እርሱን ከማንኛውም ተጠያቂነት ነፃ የሚያደርግ ጽሑፍ ከፈረመች ብቻ መሆኑን ገለጸላት፤ እርሷም አልተቀበለችም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሐኪሙን የሚያስገድድ ሕግ እንደሌለ ወሰነ። መዝገብ መከልከል መደራደሪያ እስከ መሆን እንደሚደርስ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። በግል ተቋማት ላለ መዝገብ መብቱ በሕግ የተረጋገጠው ከ2001 መጨረሻ አንሥቶ ነው።

በአሜሪካ በ2003 ተፈጻሚ የሆነው የፌዴራል ደንብ ሁለት ነገሮችን ለይቷል። ታካሚ የራሱን መዝገብ ሲጠይቅ ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ ተቋሙም በመርሕ ደረጃ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። መዝገቡ ከሕክምናና ከመሳሰሉት ውጭ ለሌላ ወገን፣ ለምሳሌ ለአሠሪ፣ ሲተላለፍ ግን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈለጋል። ፈቃዱም ምን ዓይነት መረጃ፣ ለማን፣ ለምን ዓላማና እስከ መቼ እንደሚሰጥ ይገልጻል፤ ታካሚውም ሊሽረው ይችላል። በልማድ «ፈርም» እያልን የምናስፈርመው ባዶ ወረቀት ይህን አያሟላም።

ስለ ድንጋጤው ከተነሣ፣ በ2010 በሦስት የአሜሪካ ተቋማት 105 ሐኪሞች ማስታወሻቸውን ለታካሚዎቻቸው ከፍተው ነበር። ሙከራው ሲያበቃ ከሐኪሞቹ ማንም ማቆምን አልመረጠም።

በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መድቦ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ደብዳቤ መልስ ስንጽፍ የታወቀ ሥርዓት አለን። ታካሚ ለራሱ ብሎ ሞልቶ የሚፈርመው ቅጽ ግን በሠራሁባቸው ካርድ ክፍሎች እስካሁን አላጋጠመኝም።