አዲሱን ፕሪየስ ልግዛ ወይስ አሮጌውን ልያዝ?

ሰሞኑን ደለስ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ወሬው ፖለቲካ መሆኑ ቀርቶ አዲሱ ፕሪየስ ሆኗል። አንዱ ወንድማችን ቀዩን ገዝቶ መጣና ሁላችንም ከበን አየነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መኪናው ያምራል። አሮጌውን ፕሪየስ «እንቁላል ይመስላል» እያሉ ሲስቁብን ለኖርን ሰዎች፣ ቀይ መብራት ላይ ፈረንጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ምን መኪና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት ደስ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል፦ «አንተ ፕሪየስ አለህ፤ ልትቀይር ነው? እኛስ እንቀይር?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። መልሱ ከታሪክ ስለሚጀምር ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲ መንዳት የጀመርኩት በ2005 ነው። ያኔ ታክሲ ማለት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ብዙዎቹ በፖሊስ ቤት አገልግለው በጨረታ የተሸጡ ናቸው። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሻንጣ ይውጣል። ቤንዚን ግን እንደ ውሃ ይጠጣል። ኢፒኤ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጨረሻዎቹን ክራውን ቪክቶሪያዎች በከተማ መንገድ በጋሎን 16 ማይል ነው የሰጣቸው። የኔ አሮጌ ስለነበር ያንንም አይሞላም። ማታ ሺፍት ጨርሼ ኪሴን ስቆጥር ከፊሉ የማደያው ነበር።

በ2008 ሁለት ነገር ተደራርቦ መጣ። ዲሲ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የኖረው የዞን ሒሳብ ቀርቶ ሜትር ገባ። በዚያው ዓመት ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ የቤንዚን አማካይ ዋጋ በመላ አገሪቱ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት አካባቢ ቡና ላይ ስንገናኝ ጨዋታው ሁሉ «እንዴት ነው የምንተርፈው?» ሆነ። ፕሪየስ ወደኛ ሰው በደንብ የገባው ያኔ ነው።

መኪናው ራሱ ግን ቀድሞ የነበረ ነው። ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የወጣው በዲሴምበር 1997 ነው። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ቀዳሚ» እንደማለት ነው። አሜሪካ በ2000 ሲገባ ትንሽ ሴዳን ነበር፤ ለታክሲ የሚሆን አልነበረም። ነገሩን የቀየረው የ2004 ሞዴል ነው። የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት ሆነ፣ የኋላ ወንበሩ ሰፋ፣ ሻንጣ መያዝ ቻለ። አሠራሩም ለኛ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ፍሬን ስትይዙ በሌላ መኪና ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ጉልበት ይሄኛው ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ሌላው መኪና ከተማ ውስጥ ሲከስር ፕሪየስ የሚያተርፈው ለዚህ ነው። በዱክ ስትሪትና በጆርጂያ አቬኑ ቀኑን ሙሉ ከመብራት ወደ መብራት ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም።

ቨርጂኒያ ደግሞ የራሷን ጨመረች። ንጹሕ ነዳጅ ለሚጠቀሙ መኪኖች የሚሰጠውን ልዩ ታርጋ የያዘ ሃይብሪድ፣ ሾፌሩ ብቻውን ቢሆን እንኳ በኤችኦቪ መስመር እንዲሄድ ፈቀደች። በዚያ ዘመን 395 ላይ ጠዋት ተሰልፎ ለሚውል የአሌክሳንድሪያ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከጁላይ 2006 በኋላ የወጣ ታርጋ ግን በ95 እና በ395 አይሠራም ተባለ፤ ቀስ በቀስም ዕድሉ በሌሎቹ መንገዶች ላይ ቀረ። ይህን የማነሳው ያኔ ፕሪየስ የገዛ ሰው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይገዛ እንደነበር ለማስታወስ ነው። ዛሬ አዲሱን የሚገዛ ሰው ያንን አያገኝም።

እኔ በ2009 ያገለገለ የ2007 ሞዴል ገዛሁ። በ2015 ደግሞ የሦስተኛውን ትውልድ የመጨረሻ ሞዴል አዲሱን አወጣሁ። አሁንም የምነዳው እሱን ነው። አራተኛው ትውልድ በ2016 ሞዴል መጣ፤ አምስተኛው በኖቬምበር 2022 ታይቶ በ2023 ሞዴል ገበያ ገባ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኢፒኤ በከተማ መንገድ የሰጣቸውን ቁጥር ይዤ፣ አንድ ሾፌር በዓመት 30,000 ማይል ቢነዳ ስንት ጋሎን እንደሚያቃጥል አስላሁ።

ክራውን ቪክቶሪያ፣ በጋሎን 16 ማይል፦ 1,875 ጋሎን
ሁለተኛው ፕሪየስ፣ 48 ማይል፦ 625 ጋሎን
ሦስተኛው፣ 51 ማይል፦ 588 ጋሎን
አራተኛው፣ 54 ማይል፦ 556 ጋሎን
አምስተኛው፣ ርካሹ ኤልኢ፣ 57 ማይል፦ 526 ጋሎን
አምስተኛው፣ ባለ 19 ኢንች ቸርኬው፣ 52 ማይል፦ 577 ጋሎን

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ከክራውን ቪክቶሪያ ወደ ፕሪየስ ስንሻገር በዓመት 1,250 ጋሎን አተረፍን። ቤንዚን በ3 ዶላር ከ50 ቢታሰብ ከ4,300 ዶላር በላይ ነው። ያ የልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ነው፣ አገር ቤት የሚላክ ነው። እኔ ከያዝኩት ወደ አዲሱ ኤልኢ ብሻገር ግን የማተርፈው 62 ጋሎን ነው፤ 217 ዶላር ማለት ነው፣ በዓመት። ሁላችሁም ወዳያችሁት ወደ ባለ 19 ኢንቹ ብሻገር ደግሞ 11 ጋሎን ብቻ። አንድ ጊዜ ታንክ መሙላት ማለት ነው! ትልቁን ዝላይ አንዴ ዘለነዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍርፋሪ ነው። ከ51 ወደ 57 ሲባል ጆሮ ላይ ትልቅ ይመስላል እንጂ ኪስ ላይ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

«ታዲያ ቶዮታ ምን አሻሻለ?» ብትሉ፣ ብዙ አሻሽሏል። ሞተሩ ከ1.8 ወደ 2.0 ሊትር አደገ፤ የአራተኛው 121 የነበረው የፈረስ ጉልበት 194 ደረሰ። ቤልትዌይ ላይ ስትገቡ ከትልልቅ መኪኖቹ ጋር ይፎካከራል። ከፊታችሁ ያለው ሲቆም ራሱ ፍሬን የሚይዘው፣ ከመስመር ስትወጡ የሚያነቃችሁ መሣሪያ በሁሉም ላይ አለ። ሌሊት ለሚነዳ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ግን ዝርዝሩን ስታዩ ማሻሻያው ለማን እንደሆነ ይገባችኋል። የ2004ቱ ለውጥ ለኋላ ተቀማጭና ለሻንጣ ነበር። የ2023ቱ ለሾፌሩና ለተመልካቹ ነው። ጣሪያው ወደ 2 ኢንች ዝቅ ብሏል፤ የኋላ ተሳፋሪ ከራሱ በላይ ያለው ቦታ በአንድ ኢንች ገደማ ቀንሷል። የዕቃ መጫኛው በአራተኛው 27.4 ኪዩቢክ ጫማ ነበር፤ በአዲሱ ኤልኢ 23.8፣ በውድ ውዶቹ 20.3 ሆኗል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ሁለት ይዞ ነው የሚወጣው። ባልና ሚስት ሲሆኑ አራት፣ በርበሬውና ሽሮው ሌላ። የወንድማችን መኪና ውስጥ አንዲት እናት ሲገቡ አይቻለሁ፤ ነጠላቸውን እንደያዙ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ለወጣት ነው» አሉት። ከዚያ በላይ ሪቪው አላነበብኩም።

ሌላም የምናስበው ነገር አለ፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። አዲስ አበባ መኪና ሀብት ነው። አሥር ዓመት የተነዳ ቪትዝ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። ብሩ ይወርዳል፣ ቀረጡ ይከብዳል፣ በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገሉትን የበለጠ አስወደዳቸው፣ በ2024 ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ እዚያ ያለው ሰው «መኪና ግዛ፣ ገንዘብህ አይጠፋም» ቢል እውነቱን ነው። እዚህ ግን መኪና መሣሪያ ነው፤ ከዲለሩ ግቢ ሲወጣ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ለአዲስ አበባ ትክክል የሆነው ምክር እዚህ ስንቱን ዕዳ ውስጥ ከትቶታል።

አዲሱ ፕሪየስ ሲወጣ መነሻው ማጓጓዣ ሳይጨመር 27,450 ዶላር ነበር። ለምሳሌ 30,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ብትበደሩ በወር 526 ዶላር ነው። በዓመት 6,312። በዚያ ላይ ብድር ስላለ ሙሉ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። በአንድ በኩል 6,312 ሊከፍሉ፣ በሌላ በኩል 217 ሊያተርፉ! አንድ ወዳጄ ይህን ሳያሰላ ፈርሞ አሁን በሳምንት ሰባት ቀን ይነዳል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

እኔም ከሱ አልሻልም ነበር። የ2015ቱን ሳወጣ ለ60 ወር ፈረምኩ። ያን ክፍያ የከፈልኩት በእሑዶቼ ነው። ልጄ ያኔ 4 ዓመቷ ነበር፤ ብድሩ ሲያልቅ 9 ሞላት። በእነዚያ ዓመታት የእሑድ ፎቶዎቻችን ውስጥ እኔ የለሁም። አሁን 14 ናት፤ አራት ዓመት ቆይታ ከቤት ትወጣለች። ለ72 ወር ብፈርም ብድሩን ስጨርስ እሷ ዩኒቨርሲቲ ነች።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው።

ከ2004 እስከ 2009 ያለውን የያዛችሁ፣ በደንብ አገልግሏችኋል፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ሌቦች የሚወዱትም እሱን ነው። ብትቀይሩ አልፈርድባችሁም፤ ግን ያገለገለ አራተኛ ትውልድም እዩ። ቤተሰብ ለምትጭኑ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ካምሪ ሁሉም ሃይብሪድ ሆኗል፤ የኋላ ወንበሩ ይሰፋል።

ከ2010 እስከ 2015 ያለውን የያዛችሁ እንደኔ ናችሁ። ይህ ሞተር ኢጂአሩ በካርቦን ሲደፈን የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን ይበላል። መካኒካችሁን አስጸዱት። ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ያለውን የባትሪ አየር መሳቢያም አጽዱ፤ ተሳፋሪ ጃኬት ሲጥልበት አንሱት። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ያዙት።

አራተኛውን የያዛችሁ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ ንዱ።

ለታክሲ ወይም ለአፕ የምትሠሩ ደግሞ የመኪና ዕድሜ ገደባችሁን ከሁሉ በፊት አረጋግጡ። ያ ቀን ከደረሰ ምርጫ የለም።

እኔ የኔን 290 ሺህ ማይል አድርሼዋለሁ። ላልቀይረው ወስኜአለሁ። በወር 200 ዶላር ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ ብድር እንደምከፍል ቆጥሬ፣ ግን ለራሴ። አንድ ቀን ሲሞት ከዚያ ላይ አነሳለሁ። እሑድ ግን አልነዳም።

አዲሱን ገዝታችሁ የተደሰታችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልን፤ የገዛውን ወንድማችንንም እንኳን ደስ ያለህ በሉት፣ ገንዘቡ የራሱ ነው። ልትፈርሙ ያሰባችሁ ግን መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መልካም ሥራ፣ መልካም መንገድ።