ልቦለድ በአማርኛ መጽሔቶችና ጋዜጦች

የአማርኛ ልቦለድ ወደ ብዙኃን አንባቢ ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ መጽሔትና ጋዜጣ ነው። አጭር ልቦለድ፣ በየእትሙ የሚቀጥል ተከታታይ ታሪክ፣ የወንጀልና የስለላ ትርጉም እንዲሁም የፍቅር ታሪክ በአብዛኛው የታተሙት ልቦለድን ብቻ ለማውጣት በተቋቋመ መጽሔት አይደለም። ቦታቸው በዜና፣ በሐተታና በማስታወቂያ መካከል ነበር። ከታወቁት ደራስያን ብዙዎቹም በጋዜጠኝነት ይተዳደሩ ነበር። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም አቀፍ ዳራ

በሌሎች አገሮች ግን ልቦለድ ቀስ በቀስ የራሱን መጽሔት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ላይ የተመሠረተው «ስትራንድ» መጽሔት የሼርሎክ ሆልምስን አጫጭር ታሪኮች በማውጣት ዝናን አተረፈ። አሜሪካ ውስጥ «አርጎሲ» እ.ኤ.አ. በ1896 ሙሉ በሙሉ የልቦለድ መጽሔት ሆነ። በርካሽ ወረቀት እየታተመ በአነስተኛ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ተከታዮችን አፈራ። የወንጀል ታሪክ በ«ብላክ ማስክ» (እ.ኤ.አ. 1920)፣ የሳይንስ ልቦለድ ደግሞ በ«አሜዚንግ ስቶሪስ» (እ.ኤ.አ. 1926) የየራሳቸውን መጽሔት አገኙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ርካሽ የኪስ መጻሕፍትና ቴሌቪዥን አንባቢውን ወሰዱት።

መነሻ በኢትዮጵያ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የታተመው በ1900 ሮም ከተማ ሲሆን ደራሲው በጣና ሐይቅ ዳር የዘጌ ተወላጅ የሆነው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በአገር ውስጥ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917፣ «አዲስ ዘመን» ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከተወጣ በኋላ በ1933 መውጣት ጀመሩ። ጋዜጦቹ አዘውታሪ አንባቢ አፈሩ፤ በኋላ የልቦለድ ደራስያን የሚሆኑ ጸሐፊዎችንም ቀጥረው አሠሩ። አጭር ልቦለድ በመጽሐፍ መልክ ጎልቶ የታየው በታደሰ ሊበን «መስከረም» (1949) እና «ሌላው መንገድ» (1952) ነው።

«መነን» እና የአዘጋጆቹ ትውልድ

በእቴጌ መነን ስም የተሰየመው «መነን» መጽሔት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለአጭር ልቦለድ ቦታ ከሰጡት ኅትመቶች ዋነኛው ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እዚያ ሠርቷል፤ አጫጭር ታሪኮቹንም አውጥቶበታል። ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ የተማረው በዓሉ ግርማም ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንዱ ነበር፤ «አዲስ ሪፖርተር»ንና «አዲስ ዘመን»ንም መርቷል። የበዓሉ «ደራሲው» (1972) ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ የተቀረጸው ከስብሐት ሕይወት ተነሥቶ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። የሁለቱ ሰዎች ትውውቅ የዝግጅት ክፍል ደራስያን የሚገናኙበትና የሚማማሩበት ቤት እንደነበር ያሳያል።

የጎንደሩ ብርሃኑ ዘሪሁን

ከዚህ ትውልድ የጎንደር ከተማ ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን በተለይ ይጠቀሳል። የተወለደው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። በጎንደር የቤተ ክህነትና የመንግሥት ትምህርት ካገኘ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም በጋዜጣ ዝግጅት ሠራ፤ «አዲስ ዘመን»ንም አዘጋጅቷል። አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገሩ ከጋዜጣ ሥራው የመጣ ነው ይባላል። በዚህ ስልት የጻፋቸው ልቦለዶች ረጅምና የተጌጠ የአማርኛ ጽሑፍ ለሚከብደው አንባቢ በር ከፈቱ። «የቴዎድሮስ እንባ» የሚለው ሥራው ወደ ጎንደር ምድር ታሪክ ይመለሳል፤ በሦስት ክፍል የቀረበው «ማዕበል» ደግሞ የወሎን ረሃብና የአብዮቱን ዘመን ይተርካል።

ወንጀልና ስለላ

በዚሁ ዘመን ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ሰፊ ተወዳጅነት አገኘ። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። ጋዜጠኛው ማሞ ውድነህ ደግሞ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎመ ለሕዝብ አቅርቧል።

የአብዮቱ ዘመን

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የአጭር ልቦለድ ዋና መድረክ በአብዮቱ ወር የተሰየመው «የካቲት» መጽሔት ሆነ። በ1971 የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንባቢውን አበዛ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ልቦለዶችን በመጽሐፍ አወጣ፤ የሬዲዮው «ከመጻሕፍት ዓለም» ደግሞ ረጅም ልቦለድን በተከታታይ ትረካ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ለሌለው አደረሰ። ሁሉም ግን በቅድመ ምርመራ ሥር ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ።

ነፃው ፕሬስ

በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ምርመራን አስቀረ። የግል መጽሔቶችና ጋዜጦች በብዛት ታተሙ፤ አብዛኞቹ ፖለቲካን ቢያስቀድሙም ለልቦለድ ዓምድ የሰጡ ነበሩ። ከእነዚህ በ1992 በአሰፋ ጎሳዬ የተመሠረተው ሳምንታዊው «አዲስ አድማስ» በየቅዳሜው አጭር ልቦለድና ግጥም በማውጣት ይታወቃል። ለዓመታት ዋና አዘጋጁ የነበረው ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተሰኘውን ልቦለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም «ብሌን» የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አሳትሟል።

ፋይዳና አጠባበቅ

ለልቦለድ ብቻ የቆመ መጽሔት ያልጎለበተበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ፣ ከከተማ ውጭ ያለው ደካማ ስርጭት እንዲሁም ለረጅም ዘመን የዘለቀው የመንግሥት ባለቤትነት ይጠቀሳሉ። ይሁንና የጋዜጣ ገጽ ጠባብነት የአማርኛ አጭር ልቦለድን ቁጥብነት አስተምሮታል፤ ሳምንታዊው ቀነ ገደብም ደራሲውን ከአንባቢው ጋር አቀራርቧል። ወደ መጽሐፍ ያልተሸጋገሩ ታሪኮች የሚገኙት በቆዩ እትሞች ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በግለሰቦች እጅ ያሉትን ቅጂዎች መዝግቦ መጠበቅ የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሙሉ አድርጎ ለመጻፍ ግድ ነው።