ውሱን ኢንቴግራልን በመተካት ዘዴ ማስላት

የመተካት ዘዴ፣ በክፍል ውስጥ አዘውትሮ ሰብስቲትዩሽን የሚባለው፣ ተለዋዋጭን በመቀየር አስቸጋሪ ኢንቴግራልን ወደሚታወቅ መልክ የሚያመጣ የካልኩለስ ስልት ነው። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ከኢንቴግራል ጋር የሚተዋወቁት በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ውሱን ኢንቴግራል በሁለት ወሰኖች መካከል በግራፉና በአግድሙ መስመር የታጠረውን ስፋት ይሰጣል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆጠራል። በካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም መሠረት ፈንክሽኑ በወሰኖቹ መካከል ያልተቋረጠ ከሆነ፣ አንቲዴሪቬቲቩን ፈልጎ በላይኛው ወሰን ካለው ዋጋ ላይ በታችኛው ያለውን መቀነስ ይበቃል። “ያልተቋረጠ” የሚለው ቅድመ ሁኔታ ለወጉ የገባ አይደለም። 1/ኤክስ² ከ−1 እስከ 1 በዚሁ መንገድ ቢሰላ −2 ይወጣል፤ ፈንክሽኑ ግን የትም ቦታ ኔጌቲቭ አይሆንም። ጥፋቱ ያለው 0 ላይ ነው፤ እዚያ ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም፣ በዙሪያውም ያለ ገደብ ያድጋል።

የ∫ ምልክትን ላይብኒዝ በ1675 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት ከ“ሱማ” (ድምር) የመጀመሪያ ፊደል አስረዝሞ ነው። ወሰኖቹን ከምልክቱ ግርጌና ራስጌ የመጻፍ ልማድ የተስፋፋው ብዙ ቆይቶ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ፉሪየ በ1822 ስለ ሙቀት ያሳተመው መጽሐፍ ትልቅ ድርሻ አለው።

መተካት የሰንሰለት ደንብን (ቼይን ሩል) ወደ ኋላ መመለስ ነው። ስለዚህ የሚሠራው የውስጠኛው ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ በብዜት አብሮ ሲገኝ ነው። ኤክስ(ኤክስ² + 1)³ን ከ0 እስከ 2 እናስላ። ዩ = ኤክስ² + 1 ብንል ዲዩ = 2ኤክስ ዲኤክስ ይሆናል፤ ውጭ ያለችው ኤክስ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኤክስ 0 ሲሆን ዩ 1 ነው፤ ኤክስ 2 ሲሆን ዩ 5። ስለዚህ የሚቀረው የዩ³ ግማሽ ከ1 እስከ 5 ነው፤ አንቲዴሪቬቲቩ ዩ⁴/8፣ ውጤቱም (625 − 1)/8 = 78።

ወሰኖቹን ሳይቀይር 0 እና 2ን በዩ ቦታ ያስገባ ሰው 2 ያገኛል። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ የተለመደ ስህተት ነው፤ ወሰን የተለዋዋጩ ንብረት ስለሆነ ተለዋዋጩ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ወደ ኤክስ ተመልሶ በድሮዎቹ ወሰኖች መጨረስም ትክክል ነው፣ ብቻ መንገዱ ይረዝማል።

ረቀቅ ያለ ወጥመድም አለ። ኤክስ²ን ከ−1 እስከ 1 ስናሰላ ዩ = ኤክስ² ብንል ሁለቱም ወሰኖች 1 ይሆኑና መልሱ 0 ይመስላል፤ እውነተኛው ግን 2/3 ነው። ያሳሳተው መተካቱ ሳይሆን ኤክስን √ዩ ብሎ መጻፉ ነው፤ ከ0 በስተግራ ኤክስ −√ዩ ነውና። ኢንቴግራሉን 0 ላይ ለሁለት ከፍሎ መሥራት ችግሩን ይፈታል።

አንዳንዴ መተካቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። √(1 − ኤክስ²)ን ከ0 እስከ 1 ለማስላት ኤክስ = ሳይን ቴታ ይባላል። ወሰኖቹ 0 እና ፓይ/2 ይሆናሉ፣ ሥሩ ወደ ኮሳይን ቴታ ይለወጣል፣ መልሱም ፓይ/4 ነው፤ ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሩብ ስፋት።

የውስጠኛው ዴሪቬቲቭ መኖር ምን ያህል እንደሚወስን የኢ^(−ኤክስ²) ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በኤክስ ሲባዛ ከ0 እስከ ኢንፊኒቲ ያለው ኢንቴግራል በአንድ መተካት 1/2 ይወጣል። ኤክስ ከሌለች ግን በተለመዱት ፈንክሽኖች የሚጻፍ አንቲዴሪቬቲቭ የለውም። ቢሆንም ከ−ኢንፊኒቲ እስከ ኢንፊኒቲ ያለው ዋጋ ይታወቃል። ኢንቴግራሉ በራሱ ተባዝቶ ወደ ሁለት ተለዋዋጮች ይወሰድና ወደ ፖላር ኮኦርዲኔት ይቀየራል። ቅያሪው ራዲየሱን በብዜት ይዞ ይመጣል፤ የጎደለው ብዜት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ 1/2 በ2ፓይ ተባዝቶ ፓይ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ኢንቴግራልም √ፓይ።