የዶርዜ ቤት እንደ ፋብሪካ
የቆየ የኢንዱስትሪ ሕንፃ የጥበብ መድረክ ይሁን ሲባል ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራውን የአዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ያስባሉ። በጋሞ ግን ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ በደጋው ያለው የዶርዜ ቤት ነው። ጎጆ እንጂ ፋብሪካ አይደለም የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ሴቶች የሚፈትሉበት፣ ወንዶች የሚሸምኑበት፣ ሸማኔዎቹም እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ይዘውት የሄዱት ሙያ ኢንዱስትሪ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ዛሬ በአንዳንዶቹ ግቢዎች እንግዳ ሽመና ያያል፣ ጭፈራም ይመለከታል። ትርኢት ሙያውን ያረክሰዋል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ለካሜራ ብቻ የሚወረወር መወርወሪያ ጋቢ አያወጣም። ሆኖም እስከ 12 ሜትር የሚቆመው የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ እየበላው ያጥራል፣ ተነሥቶም ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እንደ ለገሃር ግድግዳ በመጠገን ብቻ አይጠበቅም። የሚያቆየው ቀርከሃ ሠሪው ነው፤ የእንግዳው ገንዘብ ለእሱ ካልደረሰ ግቢው ሎጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።