የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፦ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ከተከላ በኋላ እንዴት ይመራል?

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት አንድን አገልግሎት በተወሰነ ጊዜና በጀት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚያሸጋግር ሥራ ነው። መሣሪያው ተተክሎ ሶፍትዌሩ ሥራ ሲጀምር ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ተገልጋዩ የሚጠብቀው አገልግሎት ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓትን በምሳሌነት በመውሰድ የፕሮጀክት አመራርን ዋና ዋና ነጥቦች ያብራራል፤ በኢንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚገኙ ባለይዞታዎች መረጃቸው ትክክለኛ ሆኖ እንዲቆይ ሊያደርጉ የሚገባቸውንም ያመለክታል።

ከደብተር ወደ ካርታ

የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46/1992ን ካወጣ በኋላ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ተካሂዷል። ማሳዎች በአብዛኛው በገመድ ተለክተውና አዋሳኞቻቸው በስም ተመዝግበው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቷል። በጋራ ይዞታ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ እንዲሰፍር መደረጉም የሴቶችን የመሬት መብት ለማስከበር ያስቻለ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ደብተሩ የማሳውን ካርታ አልያዘም። አዋሳኝ ተብሎ የተጻፈው ሰው ሲሞት፣ ወይም በወሰንነት የተጠቀሰው ወንዝ መስመሩን ሲቀይር መግለጫው ለክርክር ይጋለጣል።

ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተጀመረ ነው። የማሳው ወሰን ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በተገኙበት በአየር ፎቶግራፍ ወይም በሳተላይት ምስል ላይ ይለያል፤ ማሳው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ከተሰማ በኋላ ካርታ ያለው ማረጋገጫ ይዘጋጃል። በዚህ ሥራ የፊንላንድ መንግሥት የደገፈው ሪኢላ የተባለው ፕሮጀክት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የብሪታንያ መንግሥት የደገፈው ሊፍት ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተሳትፈዋል። ሊፍት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳዎችን ለማስመዝገብ ግብ ይዞ የተነሣ ነበር። በምዝገባ የተሰበሰበውን መረጃ በወረዳ ደረጃ ለመያዝና ለውጦችን ለማስተናገድም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል።

መረጃው ለምን ያረጃል?

የመሬት መረጃ ዛሬ ትክክል ሆኖ ነገ ሊሳሳት ይችላል። ባለይዞታ ይሞታል፣ ልጅ ይወርሳል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ ማሳ በስጦታ ይተላለፋል ወይም ይከራያል። በአዊ ይህ ጉዳይ ልዩ ክብደት አለው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች በርካታ አርሶ አደሮች ማሳቸውን በዲከረንስ ዛፍ ሸፍነዋል። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ ዓመታት ስለሚወስድ፣ በኪራይ በተያዘ ማሳ ላይ ከተተከለ ተከራዩና ባለይዞታው ለረጅም ጊዜ በውል ተሳስረው ይቆያሉ። ውሉ በቃል ብቻ ከቀረ፣ ዛፉ በሚቆረጥበት ጊዜ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ አይኖርም።

ለውጡ ሳይመዘገብ ሲቀር የሚጎዳው በቅድሚያ አቅም የሌለው ወገን ነው። የሟች ስም በመዝገቡ ላይ እንዳለ ከቆየ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ወራሽነታቸውን ለማስረዳት ይቸገራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫን መሠረት ያደረገ ብድር የሚሻ አርሶ አደርም መዝገቡ ከእውነታው ጋር ካልተጣጣመ ሊጉላላ ይችላል።

የሩዋንዳ ልምድ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎችን መዝግባለች። ሆኖም ለዝውውር የሚጠየቀው ክፍያ ለአነስተኛ ማሳ ባለይዞታዎች ከባድ ስለነበር፣ በገጠር ብዙ ዝውውሮች ሳይመዘገቡ ቀርተዋል። ሥርዓቱ ቢዘረጋም አጠቃቀሙ ለተገልጋዩ ቀላልና አቅሙን ያገናዘበ ካልሆነ መረጃው ከመሬቱ ጋር እየተራራቀ እንደሚሄድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ውጤታማ አመራር የሚመለከታቸው ጉዳዮች

1. ዕቅድና በጀት፦ ለጥገና፣ ለመለዋወጫና ለባለሙያ የሚያስፈልገው ወጪ ከፕሮጀክቱ መዘጋት በፊት በመደበኛው በጀት ሊያዝ ይገባል። የድጋፍ ገንዘብ ሲያበቃ አገልግሎቱ አብሮ እንዳይቋረጥ መከላከያው ይህ ነው።

2. የስም አጻጻፍ፦ በአማርኛ አንድ ስም «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» ወይም «ሐይሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሥርዓቱ እነዚህን እንደ አንድ ቆጥሮ ካልፈለገ፣ ባለይዞታው ተመዝግቦ ሳለ «ስምዎ የለም» ሊባል ይችላል። የራስ፣ የአባትና የአያት ስምም በየራሱ ቦታ መመዝገብ አለበት።

3. የአካባቢው ቋንቋ፦ አውኚ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ እንደ «ጘ» ያሉ ተጨማሪ ፊደላትን ይጠቀማል። ሥርዓቱ እነዚህን ፊደላት መቀበልና ማተም መቻሉ ከርክክብ በፊት በተግባር መፈተሽ ይኖርበታል። መግለጫዎችና ቅጾች ተገልጋዩ በሚረዳው ቋንቋ መቅረባቸውም የአገልግሎቱ አካል ነው።

4. የዘመን አቆጣጠር፦ በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልተለየ፣ የኪራይ ውል የሚያበቃበት ጊዜ ሊዛባ ይችላል።

5. የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ፦ መብራት ወይም ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ጥያቄ በወረቀት ተቀብሎ በኋላ ወደ ሥርዓቱ የሚገባበት አሠራር አስቀድሞ መወሰን አለበት። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂም ከዋናው ኮምፒዩተር በተለየ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

6. የባለሙያ ዝግጅት፦ ሥርዓቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ አገልግሎቱ ይቆማል። በየጽሕፈት ቤቱ ከአንድ በላይ ባለሙያ መሠልጠንና የአሠራር መመሪያ በጽሑፍ መረከብ ያስፈልጋል።

7. የመረጃ ጥበቃ፦ የባለይዞታው ስም፣ ፎቶግራፍና የቤተሰብ ሁኔታ የግል መረጃዎች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለው መረጃ በኃላፊነት እንዲያዝ ይደነግጋል። ስለዚህ መዝገቡን ማን እንዳየና ማን እንደለወጠ ሥርዓቱ ራሱ የሚመዘግብ መሆን ይገባዋል።

ከባለይዞታው የሚጠበቅ

• በማረጋገጫው ላይ የሰፈረውን ስም፣ የማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ሲረከቡ ወዲያውኑ ማመሳከር፤ ስሕተት ካለ እርማት መጠየቅ፤
• ውርስ፣ ስጦታ፣ ፍቺ ወይም ኪራይ ሲፈጸም ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማሳወቅና ማስመዝገብ፤
• በጋራ ይዞታ ላይ የሁለቱም ተጋቢዎች ስም መኖሩን ማረጋገጥ፤
• የዛፍ ተከላን የሚያካትት የኪራይ ውል ሲደረግ የውሉን ዘመንና የዛፉን ድርሻ በጽሑፍ ማስፈር፤
• የአዋሳኝ ማሳዎች ልየታ ሲካሄድ በቦታው መገኘት፣ መረጃው ለሕዝብ ይፋ ሲሆንም ቅሬታን በጊዜው ማቅረብ፤
• ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠውን የመዝገብ ቁጥርና ደረሰኝ መያዝ።

የመሬት መረጃ ሥርዓት ስኬት የሚመዘነው በተተከሉት ኮምፒዩተሮች ወይም በታተሙት ማረጋገጫዎች ብዛት ብቻ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ማሳውን በሕጋዊ መንገድ ከያዘው ሰው ስም ጋር ከዓመታት በኋላም አንድ ሆኖ ሲገኝ፣ ፕሮጀክቱ በትክክል ተመርቷል ሊባል ይችላል። ለዚህም ጽሕፈት ቤቱ አገልግሎቱን ሳያቋርጥ መስጠት፣ ባለይዞታውም ለውጥ በተፈጠረ ጊዜ ሳይዘገይ ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል።